የደጃች ውብነህ ዘር በፖይንት ኩክ

ባለፈው ቅዳሜ ፉትስክሬ አንድ የአሮጌ ልብስ ሱቅ ገብቼ ጃኬት ስመርጥ፣ ካንዱ ኮት ውስጥ የናፍታሊን ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። እዛው ደርቄ ቀረሁ። ባለሱቋ ፈረንጅ አሮጊት "ዩ ኦኬ ዳርሊንግ?" አለችኝ። "ኦኬ ነኝ" አልኳት፤ ውሸቴን ነው። ናፍታሊን ለሌላ ሰው የብል መድኃኒት ነው። ለኔ ግን የጋሼ ታፈሰ ካባ ሽታ ነው፤ ያቺ ጥቁሯ፣ ዳር ዳሯ በወርቅ ክር የተጠለፈችው፣ ሽምግልና ሲሄዱ ብቻ ከሻንጣ የምትወጣዋ። ያቺ ካባ አንድ ጊዜ ለኔ ተብላ ወጥታ ነበር። እኔ ሚስት እንድትጠየቅልኝ፣ እኔ ሰው ተብዬ።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እኔ ገና ሠላሳ አንዴን ነው የያዝኩት፣ ጸጉሬም እንዳለ ነው፣ መልኬን ደግሞ ያየ ያውቀዋል፣ አልመሰክርም። ግን የሜልበርን አንድ ዓመት ያገር ቤት አምስት ነው፤ በተለይ ብቻውን ለሚበላ ሰው። በዚህ ሂሳብ ከሄድን እኔ አሁን የአድባር ዛፍ ነኝ። ስለዚህ "ያኔ" ስል ታገሡኝ።

ያኔ ፍሌሚንግተን ነበርኩ፣ ሬስኮርስ ሮድ አጠገብ ካሉት ከነዛ ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች ባንዱ፣ ከላይ ሆኜ። ያመጣችኝ አክስቴ ናት፤ ዓመት ሳይሞላ ፐርዝ ሥራ አገኘችና ሄደች። "ና አብረን እንሂድ" ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን "ሜልበርንን ለምጄዋለሁ" ብዬ ቀረሁ። ምኑን እንደለመድኩት እስካሁን አላውቅም። ጋሼ ታፈሰ ትርፍ ክፍል ነበረቻቸው፣ እሷን ሰጡኝ። እሳቸው ማታ ታክሲ ይነዳሉ፣ እኔ ቀን እሠራለሁ፤ ከሳምንት አንዴ ኮሪደር ላይ "ደህና አደርክ?"፣ "ደህና አመሹ?" እንባባላለን፣ ማን ተኝቶ ማን እንደሚነሳ ሳይገባን። የዛ ጊዜ ቺፕስ ባለ ሦስት ዶላሩ ሁለት ሰው ያጠግብ ነበር፤ ዛሬ በሰባት ዶላር ድንቾቹን ለየብቻ ስም ልታወጣላቸው ትችላለህ። ጫማ አፍንጫው የሾለ ነበር የሚደረገው፣ ሱሪ ደግሞ ለማውለቅ ረዳት የሚፈልግ ጠባብ። ትራም ፌርማታው ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት ሶማሌዎቹ ኳስ ያያሉ፣ እኔም ሂሳቤን ከፍዬ አብሬ እጮሃለሁ፣ ለየትኛው ቡድን እንደምጮህ ግን አልመርጥም። የምጮኸው ሰው ስላለ ነው።

ከመስኮቴ ከተማው ሁሉ ይታያል። አያቴ እንደሚሉት የድሮ ነገሥታት ወንዶች ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ዙፋን እንዳይሻሙ ግሸን አምባ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ ይዘምራሉ፤ መውረድ ብቻ የለም። እኔም ያቺ መስኮት ላይ ቆሜ "ይኸው፣ እኔም በወጉ አምባዬ ላይ ነኝ" እል ነበር። የኔ አምባ ሊፍት አለው። ብወርድም የምሄድበት ቤት ስላልነበረኝ ልዩነቱ ብዙም አይታየኝም።

እዚህ ላይ ማንነቴን ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እኔ የመኳንንት ዘር ነኝ። አትሳቁ። ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ እሱም እኔም ደስ ብሎን፤ ግን ዘር ቆጠራ ለፈተና ቢቀርብ ኖሮ ዛሬ ፕሮፌሰር ነበርኩ። አያቴ አባባ ዓለሙ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ጆሮዬን ይዘው ነው ያስቆጠሩኝ። አንድ ስም ስስት ጆሮዬን አንዴ ያዞሩታል። ይኸው አንዱ ጆሮዬ ከሌላው ይበልጣል፣ መጥታችሁ ለኩ። እንደሳቸው አነጋገር የኛ ሰዎች ከጥንት፣ ንጉሥ በድንኳን ሲዘዋወር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ፣ ግብር ላይ ከንጉሡ በስተቀኝ የሚቀመጡ፣ ጋሻ ያዥ ከኋላቸው የሚቆምላቸው፣ ሲበሉ ሰው እንዳያያቸው በሸማ የሚጋረዱ ነበሩ። ጉልታቸው ከወንዝ እስከ ወንዝ ነው። ከዛ አንድ ዘመን መጣና ወሰደው፣ ሌላ ዘመን መጣና የወሰደውንም ወሰደው። ለአባባ የቀራቸው አንድ የተበሳ ጋሻና ዘር ቆጠራቸው ነበር። "ሲርብህ ቁጠር፣ ሲንቁህ ቁጠር" ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ አገር መጥቼ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ስቆጥር ነው የኖርኩት።

ሥራዬ ላቨርተን ኖርዝ ነበር፣ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን። መጀመሪያ መጥረጊያ ሰጡኝ፣ በኋላ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻዋን መኪና፣ ላይሰንስ አወጣሁ። ፎርክሊፍት ስነዳ እኔን ማየት ነበረባችሁ! አብረውኝ የሚሠሩት ቬትናሞች "ሾፌሩ መጣ" ብለው መንገድ ይለቁልኛል፤ በችሎታዬ ይሁን በፍርሃት አልጠየቅኳቸውም። ቤዛን ያገኘኋት እዛ ነው። ነርሲንግ ተማሪ ናት፣ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት ትገባለች፣ ከመደርደሪያ የታዘዘ ዕቃ ትለቅማለች። ከልጅነቷ እዚህ ስላደገች አማርኛዋ ውስጥ እንግሊዝኛው ይገባል፣ ግን ተረቡ ያገር ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ወገቧን ይዛ መንገዴ ላይ ቆመች።

"ምንድነው እንደዚህ ደረት ነፍቶ መንዳት? ፎርክሊፍት እኮ ነው።"

"ፈረስ ነው" አልኳት። "አባቶቼ በፈረስ፣ እኔ በዚህ። የደጃዝማች ልጅ ነኝ።"

"እሺ ፕሪንስ። ያቺን ፓሌት አውርድልኝ፣ የምሳ ብሬኬ ሊያልቅ ነው።"

ከዛ ወዲያ ስሜ ፕሪንስ ሆነ። ምሳ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን፣ የሷ ሽሮ ማይክሮዌቩ ውስጥ ሲፈነዳ ፈረንጆቹ ይበተናሉ፣ እኛ ክፍሉን ለብቻችን እንገዛለን። ስለ ራሶችና ስለ ፊታውራሪዎች አወራላታለሁ፣ ግማሹን ከአባባ የሰማሁትን፣ ግማሹን አፌ እንዳመጣው። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም፣ እንደዛ የምትስቅ ሴት አይቼ አላውቅም። ሰኞ ሲመጣ ቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ እኖር ነበር። አሁን ያ ምሳ ክፍል ፈርሶ የቻርጀር ክፍል ሆኗል አሉ፤ ዕቃውንም የሚለቅመው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ አይስቅም።

የሷ ቤተሰብ ጴንጤ ናቸው፣ ፖይንት ኩክ አዲስ ቤት ሠርተው የሚኖሩ። አባቷ ጋሼ ሽፈራው አካውንታንት ናቸው፣ የጸሎት ቤታቸውም ሽማግሌ። እኔ ባርባ ቀኔ የተጠመቅኩ ተዋሕዶ ብሆንም ለሷ ስል ሺፍት በማይኖረን እሁድ ጸሎት ቤታቸው መሄድ ጀመርኩ። መዝሙሩ ደስ ይላል፣ ማጨብጨብ ደግሞ ትምህርት አይጠይቅም። አንድ እሁድ ጋሼ ሽፈራው መድረክ ላይ ወጥተው "በጌታ ቤት የጌታ ልጅና የሎሌ ልጅ የለም! የዘር ኩራት ትቢያ ነው!" ሲሉ በዚህ በትልቁ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። "አሜን!" ብዬ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ውስጤ ግን "እሱስ ለሌላው ነው" ይል ነበር።

ቤዛ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል ተነጋገርንና ሽማግሌ ላክሁ። ጋሼ ታፈሰ ካባዋን አወጡ፣ ሁለት ሰው ጨመሩ፣ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። "እሺ ሊል ጥቂት ነው የቀረው" አሉኝ። "አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። 'ልጁን አምጡትና ዘሩን ራሱ ይቁጠርልኝ' አለ። 'እኔ በዚህ አላምንም፣ ግን እናቴ ስትሞት ሰባት ቤት ሳታስቆጥር ልጅ እንዳትሰጥ ብላኛለች፤ ለደንቡ ያህል ነው' አለ።" መቼም ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ባገራችን በሰባት ቤት ውስጥ የተገናኘ ዘመድ ነውና አይጋባም። እኔ ግን ደንቡ ትዝም አላለኝ። የሰማሁት "ይቁጠርልኝ" የሚለውን ብቻ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር ጠየቁኝ!

ፖይንት ኩክ ስንሄድ ጋሼ ታፈሰ ታክሲዋን እየነዱ መከሩኝ። ካባዋ ናፍታሊኗን ትለቃለች፣ መስኮት ከፍተናል፣ ከካሴቱ የቆየ ዘፈን ይጎተታል።

"ስማ ዳኜ። አባትህንና አያትህን ጥራና ዝም በል። ሽምግልና ላይ ሙሽራ አያወራም። ሙሽራ ይቅለሰለሳል።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" አልኳቸው። "ቤት የለኝ፣ ዲግሪ የለኝ። በምን ልታይ?"

"አትታይ። ልጅቷ አይታሃለች፣ ይበቃል።"

ይህን የመሰለ ምክር በነፃ ሲሰጥህ አትሰማም፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህ እንኳ።

ቤቱ ሁሉ ነገሩ አዲስ ነው፣ ምንጣፉ ነጭ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። አውራ ጣቴ በካልሲዬ ቀዳዳ ብቅ ብላ እሷም እንግዳ ሆና ተቀመጠች። ጋሼ ሽፈራው ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አጠገባቸው፣ "በል እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ለዚህ ነገር ቦታ የለኝም፣ ግን ጀምር" አሉኝ።

"ዳኛቸው ብርሃኑ" አልኩ። "ብርሃኑ ዓለሙ። ዓለሙ በላቸው፤ በላቸው ቀኛዝማች ናቸው።"

"በቂ ነው፣ በቂ ነው" አሉ እየሳቁ። "ሦስት ከቆጠርክ ላውስትራሊያ ይበዛል። ቤዛ፣ ጁሱን አምጪ።"

ጋሼ ታፈሰ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳሉ። ያ ሳል "ዝም በል" ማለት ነው፣ ገብቶኛል። ቤዛ ትሪውን ይዛ ከኩሽናው ወጣች። አለቀ እኮ! ተፈቀደልኝ! ጁሱን ጠጥቼ ብቀመጥ ያቺ ልጅ ዛሬ ሚስቴ ናት። ግን ሳያት፣ ስትስቅልኝ ሳይ፣ አባባ ጆሮዬን የያዙኝ መሰለኝ።

"ቆይ ጋሼ፣ ዋናው ገና ነው!" አልኩ። "በላቸው ተሰማ፣ ፊታውራሪ። ተሰማ ውብነህ፣ ደጃዝማች። ደጃች ውብነህ..." ብድግ አልኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ "አባ ጥርግ!" ብዬ ጮኽኩ።

ጋሼ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አባ ማን?"

"አባ ጥርግ። የፈረሳቸው ስም ነው። ጠላትን ጠርገው ስለሚያስወጡ ነው። እኔም ዌርሃውስ ስጠርግ የነበረው የዘር ነው ጋሼ" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

"የደጃች ውብነህን ልጆች ታውቃቸዋለህ?"

"እንዴት አላውቅም! ፊታውራሪ ተሰማ አሉ፣ የኛው። ከሳቸው በታች አንዲት ሴት አለች፣ ጥሩነሽ የሚሏት፤ ባሏን ትታ በባሏ ፈረስ የኮበለለች።"

"አልኮበለለችም!" ብለው ጋሼ ሽፈራው ከሶፋው ተነሡ። "ፈረሱም የሷ ነው! ወይዘሮ ጥሩነሽ የግራዝማች መኩሪያ እናት ናት። መኩሪያ የእናቴ አባት ነው። ያንተ ተሰማ የኔ ቅድመ አያት ወንድም ነው!" ባንዱ እጃቸው ከቤዛ፣ በሌላው ከኔ ጀምረው ወደ ላይ ሲቆጥሩ፣ አምስተኛው ላይ ሁለቱ እጆቻቸው ገጠሙ። እንባቸው ወረደ። "ሃያ ዓመት በዚህ አገር ስኖር አንድ የሥጋ ዘመድ አላየሁም! የወንድሜ ልጅ!" ብለው አቀፉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዛ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም። አገጬን ትከሻቸው ላይ አድርጌ እየሳቅኩ ወደ ጋሼ ታፈሰ አየሁ፤ እሳቸው በካባቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ቤዛን አየሁ፤ ትሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ያኔ ነው ደንቡ ትዝ ያለኝ።

"እግዚኦ፣ እህትና ወንድም ናቸው እኮ!" አሉ እትዬ አልማዝ።

ጋሼ ታፈሰ እንደ ሽማግሌነታቸው ሞከሩ። "ሽፈራው፣ አንተ መድረክ ላይ ዘር ትቢያ ነው አላልክም እንዴ?"

"በዘር አላምንም" አሉ ጋሼ ሽፈራው እንባቸውን እየጠረጉ። "በእህትና በወንድም ግን አምናለሁ።"

በሳምንቱ ቅዳሜ ከዌርሃውሱ ጀርባ፣ የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀምጠን ቤዛን ለመንኳት። "ጠይቄያለሁ" አልኳት፣ "እዚህ አገር ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚህ የቀረበም ይጋባል።"

"አይ ኖው፣ ገብቶኛል" አለች። "ሕጉ አይደለም ችግሩ። ባለፈው አባቴ ሲያቅፍህ ጎን ለጎን አየኋችሁ። ግንባራችሁ አንድ ነው። ልረሳው እየሞከርኩ ነው፣ አልቻልኩም። አሁንም ሳይህ እሱን ነው የማየው።"

"ኮፍያ አደርጋለሁ" አልኳት።

ሳቀች፣ አፏን ሳትሸፍን፤ ከዛ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። "ሦስት ላይ ለምን አላቆምክም፣ ዳኜ?"

ፕሪንስ አላለችኝም። በስሜ ስትጠራኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ነገሩ ማለቁ የገባኝም ያኔ ነው።

እንግዲህ ሚስት ልጠይቅ ሄጄ ዘመድ ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ሽፈራው አልለቀቁኝም። እሁድ እሁድ ምሳ ፖይንት ኩክ ነው፣ ካልሄድኩ ራሳቸው መኪና አስነስተው ፍሌሚንግተን ድረስ ይመጣሉ። ጸሎት ቤት ውስጥ ላገኙት ሰው ሁሉ "የወንድሜ ልጅ፣ የደጃች ውብነህ ዘር" ብለው ያስተዋውቁኛል፣ ትቢያው ሁሉ ተረስቶ። እትዬ አልማዝ ካልሲ ይገዙልኛል። ጠረጴዛው ላይ ቤዛ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ "ሰላጣ ላቀብልህ?" ትለኛለች፣ "አመሰግናለሁ" እላታለሁ። ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ ብቸኝነቱ ይቀለዋል ይባላል። እኔ ከዛ ቤት ወጥቼ አምባዬ ላይ ስወጣ ነበር የሚቀለኝ፤ ቢያንስ እዛ ሰላጣ የሚያቀብለኝ የለም። ግን አልቀረሁም። ምን ብዬ ልቅር? በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ "ለምን ጠፋህ?" የሚለኝ ሌላ ማን አለ?

ቤዛ በኋላ ሲድኒ ያለ ኢንጂነር አገኘች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለሽምግልናው ጋሼ ሽፈራው ዘሩን ሲጠይቁት "ከአያቴ በላይ አላውቅም ጋሼ፣ ይቅርታ" አለ አሉ። "ይበቃል" አሉት። እኔ ይህን ስሰማ ሰሐን እያጠብኩ ነበር፤ ሰሐኑን ሁለቴ አጠብኩት።

የሠርጓ ዕለት ጠዋት ጋሼ ሽፈራው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ወደኔ መጡ። "ወንድ ልጅ የለኝም" አሉኝ። "በሩን አንተ ያዝ።" መቼም ወጉ ነው፤ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየጨፈረ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ አናስገባም ይላል፣ ይለመናል፣ ይሳቃል፣ ከዛ ይከፈታል። የሙሽሪት ወንድም ፊት ይቆማል። ቆምኩ። ሱፌ አዲስ ነው፣ ጸጉሬ ተቆርጧል፣ ካልሲዬ ሙሉ ነው። ልጃገረዶቹ ከኋላዬ ያጨበጭባሉ፣ ሚዜዎቹ ከፊቴ ይለምናሉ፣ እኔ "የደጃች ውብነህ ልጅ እንዲህ በቀላል አይሰጥም!" እላለሁ፣ ሰው ይስቃል። ቆየሁ። አሁንም ቆየሁ። ጭብጨባው ሳሳ። ጎረቤቱ ፈረንጅ ሣሩን ማጨዱን ትቶ ያየናል። ጋሼ ታፈሰ፣ ካባዋን ለብሰው፣ በጆሮዬ "ዳኜ፣ በቃ። ክፈት ልጄ" አሉኝ። እጆቼ ግን መቃኑን ይዘዋል፣ አልታዘዝ አሉኝ።

ከኮሪደሩ የቤዛ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ። "ወንድምዓለም፣ አሳልፋቸው።"

ሙሽራው አጠገቤ ደርሷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ የምሩን ፈርቶኛል። ሊያለዝበኝ ብሎ ፈገግ አለና "ወንድሟ ነህ አይደል? በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?" አለኝ።

አምስቱም ስም ምላሴ ላይ ነበር።

"ሩቅ ነው" አልኩት፣ በሩንም ለቀቅኩለት።